ሁለት ማዳበሪያ ድንጋይ ይዤ አዲስ አበባ

ሰኞ

ከአሶሳ በጠዋቱ በረራ ቦሌ ገባሁ። የራሴ ልብስ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ የሚከብደው ሁለቱ ማዳበሪያ ነው፣ ውስጡ 24 ሳምፕል ድንጋይ አለ፣ እያንዳንዱ በከረጢት ታስሮ ቁጥር ተጽፎበት ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሶሳ ኤርፖርት ደብዳቤዬን ያየው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወርቅ ነው?» ብሎ ነው፣ ቦሌ ጋሪ የሚገፋውም እንደዛው፣ የራይዱ ሹፌር ደግሞ ከኋላ ሲጭነው መኪናው ዝቅ አለበትና «እህቴ ምንድነው እንዲህ የሚከብደው?» አለኝ፣ ድንጋይ ነው ስለው «ወርቅ ያለበት ነዋ!» ሳምንቱን ሙሉ ስመልሰው የከረምኩት ጥያቄ ይሄው ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ቦታው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው፣ ስሙን አልጽፍም ምክንያቱም ፈቃዱ የኔ አይደለም። አንድ ጉብታ አለ፣ አናቱ ላይ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ የሚረዝም የዛገ ቀይ ቡናማ ድንጋይ ተጋድሟል፣ በመዶሻ ሲሰብሩት ውስጡ ልክ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት አለበት። እኛ ጎሳን ነው የምንለው፣ ከጎሳ ጋር አይገናኝም፣ ከሥር ያለ የሰልፋይድ ማዕድን (ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሃደበት) ዝናብና አየር አግኝቶት ለብዙ ዘመን ሲዝግ ኖሮ ከላይ የሚቀረው የብረት ቆብ ነው። ከጉብታው ሥር ምንጭ አለ፣ መንደሩ በሙሉ ከሱ ነው የሚቀዳው፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች የወንዙን አሸዋ በገበቴ ያጥባሉ፣ ወርቅም ያገኛሉ። ገንዘቡን የሚያወጡት ሰውዬ (እኔ ጋሼ ነው የምላቸው) ይሄን ሲሰሙ በቃ ኤስካቫተር ተከራዩ። የጉብታውን አናት ገፎ ወንዝ ዳር አውርዶ ማጠብ ነው ሃሳባቸው። ማሽኑ በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭነው ተሳቢ) ተጭኖ ከነቀምቴ ሊነሳ ነው፣ እኔ ደግሞ የመጣሁት ሳምፕል ላብ (ላብራቶሪ) ላስገባ ነው ይባል እንጂ የእውነት የመጣሁት ጋሼን በአካል አግኝቼ ያ ማሽን ጉብታው ላይ እንዳይወጣ ለመለመን ነው።

ሆቴሌ ፒያሳ አካባቢ ነው። ማታ ትንሽ ልራመድ ወጣሁ፣ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር በ2016 ከፈረሱ ወዲህ ሰፈሩን ለመለየት እቸገራለሁ፣ ግን አንድ የሚቆፈር የሕንፃ መሠረት አየሁና ቆምኩ፣ ድንጋይ የሚያጠና ሰው ጉድጓድ አልፎ መሄድ አይችልም። ከላይ ቀይ አፈር፣ ከሥሩ ጥቁር ባዛልት እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ክብ ክብ ሆኖ። ዘበኛው «ምን ጠፋሽ ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው፣ ከተከመረው ላይ ሦስት ቁራጭ ፍቀዱልኝ ብዬ ለምኜ ወሰድኩ፣ ለምን እንደሆነ ሐሙስ ላይ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፣ የእንጦጦው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ መሃል ከተማ ያለው ባዛልት ደግሞ ከሱም ብዙ የሚያንስ፣ በድንጋይ ዕድሜ ጨቅላ ነው። የኛ ጉብታ ግን የአረቢያ ኑቢያ ጋሻ ከሚባለው ነው፣ ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ከሳውዲና ከግብፅ ተነስቶ በሱዳንና በኤርትራ አድርጎ ወደኛ የሚገባ። ትግራይ ላይ ይወጣል፣ ቤኒሻንጉልና ወለጋ ላይ ይወጣል፣ ደቡብ ላይ አዶላ ጋ ይወጣል፣ የወርቅ ቦታዎቹ ለገደምቢም ቱሉ ካፒም ኩርሙክም ያሉት በዚህ አሮጌ ድንጋይ ላይ ነው፣ የዩብዶ ፕላቲነምም (ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው) እንደዛው። አዲስ አበባ ሥርም አሮጌው ድንጋይ አይጠፋም፣ ግን መጀመሪያ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ፣ ከዛ በላይ ላቫ ተከምሮበታል፣ አባይ በረሃን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ንብርብሩን በዓይኑ አይቶታል።

ማክሰኞ

ጠዋት አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ። የተማርኩበት ግቢ ስለሆነ በሩ ላይ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል። መጀመሪያ ትልቁን የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ካርታ አየሁ፣ በ1 ለ2 ሚሊዮን የተሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቶ በ1996 እንደገና የተሠራውን። እዛ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ሁለት ኪሎ ሜትር ስለሆነ የኛን ጉብታ አንድ የብዕር ነጥብ ትሸፍነዋለች፣ ግን ካርታው የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፣ ጉብታው የተቀመጠበት ድንጋይ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ።

ከዛ ድሮ ያስተማሩኝ ዶክተር ቢሮ ሄድኩ። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ስድስት ድንጋይ ጠረጴዛቸው ላይ ስደረድር ሻያቸውን ገፋ አርገው ሌንሱን አወጡ። አንዱን ነጭ ድንጋይ አንስተው «ይሄን ምን ብለሽ ጻፍሽው?» አሉኝ። ኳርትዝ አልኩ። «እስቲ በእጅሽ መዝኚው።» መዘንኩት፣ ከበደ። ባራይት ነበር፣ የኳርትዝ ጥግግት 2.65 ሲሆን የባራይት 4.5 ነው፣ እጅ እኮ ይለየዋል፣ እኔ ግን ፊልድ ላይ ፀሐዩ ሲያቃጥለኝ ቸኩዬ ነበር። እዛው ማስታወሻዬን አስተካከልኩ። ባራይቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ከባሕር ወለል ላይ ፍል ውሃ ሲፈልቅ አብሮ የሚዘቅጥ ማዕድን ስለሆነ ከመጀመሪያው የጠረጠርነውን ያጠነክርልናል፣ ማለትም ቦታው እኛ በአጭሩ ቪኤምኤስ የምንለው፣ መዳብ ዚንክ እርሳስ ከብርና ከወርቅ ጋር አብሮ የሚገኝበት ዓይነት ነው።

ይሄ ከለገደምቢ ዓይነቱ ይለያል። እዛ ወርቁ ያለው ተራራ ሲታጠፍና ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ ባለፈ ፈሳሽ በተሠራ የኳርትዝ ጅማት ውስጥ ነው፣ ጅማቱን ተከትለህ ትወርዳለህ። የኛው ግን በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተከመረ የሰልፋይድ ክምር ነው፣ ወርቁ ከብዙ ዘመዶቹ ጋር ነው ያለው፣ ዝገቱ ላይ በዝቶ የታየው ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲሄድ እሱ ስለቀረ ነው። ዚንክ ቶሎ ይሟሟል፣ መዳብም ወደታች ይወርዳል፣ ወርቅ ግን አይበገርም፣ እዛው ይቀመጣል።

ዶክተሩ ደስ ብሏቸውም አልለቀቁኝም። «ፈሳሹ የወጣበት ቧንቧ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ፈሳሹ ሲወጣ ከክምሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ክሎራይት ወደሚባል አረንጓዴ ማዕድን ይለውጠዋል፣ በቀጭን በቀጭን የመዳብ ክር ይሞላዋል፣ ስለዚህ አረንጓዴው ክሎራይት ሺስት (በስሱ በስሱ የሚሰነጠቅ ድንጋይ) ያለበት ወገን የድሮው ሥር ነው፣ ግን ድንጋዩ ከዛ ወዲህ ታጥፎ ቆሞ ምናልባትም ተገልብጦ ስለሆነ ሥርና አናቱን ለይቶ ማወቅ አለብሽ፣ ካልሆነ ድሪሉን በተሳሳተ አቅጣጫ ታስገቢዋለሽ አሉ። ልክ ናቸው፣ እኔ በምሥራቅ በኩል ነው ያየሁት፣ ግን ሦስት ቦታ ብቻ ነው፣ አይበቃም። ስወጣ ደግሞ በሩ ላይ «ኤሌክትሮማግኔቲክ ሰርቬይ ካሠራሽ ግራፋይት ሺስት እንዳያታልልሽ፣ እሱም እንደ ሰልፋይዱ ከረንት ያስተላልፋል» አሉኝ፣ ሰርቬዩ ከመሬት ሥር ከረንት የሚያስተላልፍ ድንጋይ መፈለጊያ ነው።

ምሳ ሽሮ በላሁ፣ ጾም ነው። ከሰዓት ጋሼ ጋ ስደውል አላነሱም።

ረቡዕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ፍልውሃ ተሰለፍኩ። አዲስ አበባ ስመጣ ሳልታጠብ አልመለስም። አዲስ አበባ ራሷ እዚህ የተቆረቆረችው በዚህ ውሃ ምክንያት ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሰፍሩ። ውሃው የዝናብ ውሃ ነው፣ ወደ ጥልቁ ሰርጎ ምድር ውስጥ ይሞቅና ከተማውን ሰንጥቆ በሚያልፈው ስንጥቅ (የፍልውሃ ፎልት ይባላል) በኩል ተመልሶ ይወጣል።

ገንዳው ውስጥ ገብቼ እግሬን ስዘረጋ ጋሼን በምን እንደማስረዳቸው መጣልኝ። የኛ ጉብታ እኮ የጥንት ፍልውሃ ነው። ልዩነቱ ከባሕር በታች መሆኑ ነው፣ የባሕሩ ውሃ በስንጥቅ ይገባል፣ ማግማ አጠገብ ደርሶ ከ350 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ የውሃው ጫና ከባድ ስለሆነ እንኳን አይፈላም፣ በሚያልፍበት ድንጋይ ውስጥ ያለውን መዳብ ዚንክ ወርቅ እያሟሟ ይሸከምና ባሕሩ ወለል ላይ ሲወጣ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ተገናኝቶ የተሸከመውን እዛው ይጥላል፣ እንደ ጥቁር ጭስ እየተነነ። ይሄን ሰዎች በዓይናቸው ያዩት እ.ኤ.አ. በ1979 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ በሰርጓጅ ወርደው ነው። ከኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ቀይ ባሕር መሃል አትላንቲስ ሁለት የሚባል ጥልቅ ጉድጓድ አለ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት፣ ዚንክና መዳብ ብርና ወርቅ ያለበት ጭቃ ትኩስ ጨዋማ ውሃ ሥር ዛሬም ድረስ እየተከመረ ነው። የኛ ጉብታ ያኔ እንደዛ ነበረ፣ ከዛ ባሕሩ ተዘጋ፣ አህጉር ከአህጉር ተጋጨ፣ ክምሩ ተጨፍልቆ ቆመ፣ ከዛ ዝናቡ አገኘው።

አጠገቤ ያሉ እናት ምን ያስባል ልጄ ሲሉኝ ይሄንኑ በአጭሩ አወራኋቸው፣ በጣም ነው ያዳመጡኝ፣ መጨረሻ ላይ «እና እዚህስ ወርቅ ይጥላል?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የፍልውሃው ውሃ ሙቀቱም ጨዋማነቱም ከዛኛው ጋር አይወዳደርም፣ ለመታጠቢያ ነው የተሰጠን አልኳቸው፣ እሳቸውም ተመስገን አሉ።

ማታ ጋሼ ደወሉ። ነገ ከሰዓት ብሔራዊ አካባቢ እንገናኝ አሉ፣ የምሥራች አለኝም አሉ። ሎቤዱ ከነቀምቴ ተነስቷል።

ሐሙስ

ጠዋት ላብ። ቶሎ ልለፈው፣ ግን አንዳንዱን ነገር ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። ድንጋዩ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ከዛ ከ75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች እስኪሆን እንደ ዱቄት ይፈጫል። ከዱቄቱ 30 ግራም ይወሰድና ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይቀልጣል፣ እርሳሱ ወርቅና ብሩን ሰብስቦ ከታች ይቀመጣል፣ ከዛ እርሳሱን ያባርሩታል፣ የሚቀረው የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ ነው፣ እሷ ናት የምትለካው። መዳብና ዚንክ እርሳሱ ደግሞ በአራት አሲድ ሟሙቶ በሌላ ማሽን ነው። ከሳምፕሎቼ መሃል ሦስቱ አሶሳ ሲጫኑ ዝናብ ነክቷቸው ቁጥራቸው ተፍቋል፣ አወጣኋቸው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጋይ ድንጋይ እንጂ ሳምፕል አይደለም። የፒያሳውን ባዛልት እንደማንኛውም ሳምፕል ቁጥር ሰጥቼ መሃል መሃል ላይ አስገባሁት። ወርቅ እንደሌለው የምናውቀው ድንጋይ ወርቅ አለው ተብሎ ከመጣ ወፍጮው በደንብ አልተጠረገም ማለት ነው፣ ለሱ ነው የለመንኩት። ውጤቱ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል ተባልኩ።

ከሰዓት ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ አንድ ካፌ። ጋሼ ብቻቸውን አልነበሩም፣ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ የያዘ ሰው አብሯቸው አለ። የምሥራቹ እሱ ነበር። ከኛ ጉብታ ሥር ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣ ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ላይ መሣሪያውን ደቅኖ ስክሪኑ ላይ ወርቅ የሚል ቁጥር አሳያቸው፣ ቁጥሩ ደግሞ እውነት ቢሆን ዓለምን ጉድ የሚያሰኝ ነው። ጋሼ ፊታቸው በርቶ ሲያዩኝ አንጀቴን በሉኝ። ድንጋዩን አነሳሁት፣ ስፋለራይት ነው፣ የዚንክ ማዕድን። መሣሪያው የሚያነበው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚለቀውን ጨረር ነው፣ የዚንክ አንዱ ጨረር 9.57 ላይ ይወጣል፣ የወርቁ 9.71 ላይ፣ በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ጎን ለጎን ናቸው፣ ዚንኩ ብዙ ሲሆን የሱ ጥላ ወርቁ ላይ ይወድቃልና መሣሪያው ወርቅ ያለ ይመስለዋል። «ዚንክ የሚለው መስመር ላይ ስንት ይላል?» አልኩት። ወደታች ጠቅ ጠቅ አደረገና ዝም አለ። ብዙ ነበር። ሰውዬው ክፉ አይመስለኝም፣ መሣሪያውም ለመዳብና ለዚንክ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ለወርቅ ግን አይሆንም።

ጋሼ ግን አላመኑኝም። «አንቺ ልጅ ሁሌ የለም የለም ነው የምትይው» አሉኝ። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ

በጠዋት እኔው ደወልኩና አንድ የሚያምኑት ወርቅ ሠሪ ካለ እሱጋ እንሂድ አልኳቸው። ፒያሳ ከቀሩት ወርቅ ቤቶች አንዱ ጋ ወሰዱኝ፣ ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፣ የጋሼን ሚስት የማጫ ወርቅ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሳምፕሉን ልሰጣቸው ስል መጀመሪያ ሥራቸውን አሳዩኝ፣ ጥቁሩን የመፈተኛ ድንጋይ አውጥተው ቀለበት ሰመር አደረጉበት፣ አሲድ ጠብ አደረጉበት፣ ቀለሙን እያዩ ካራቱን ነገሩን። ወርቅን ከብር ሲለዩ ደግሞ መጀመሪያ ብር ይጨምሩበታል፣ ለአንድ እጅ ወርቅ ሦስት እጅ ያህል ብር፣ ካልሆነ አሲዱ ውስጡ አይገባም። ጋሼ ገረማቸው። እኔም ላብ ያቺን ጠብታ እንዲሁ በአሲድ ነው የሚለያት አልኩ፣ አዛውንቱ «ይሄን ማን አስተማራቸው?» ብለው ሳቁ።

ከዛ ከጎሳኑ አንድ ቁራጭ በሙቀጫ ወቅጠው በጎድጓዳ ሳህን አጠቡት። ቀስ እያሉ፣ ሦስት ጊዜ። የቀረው ጥቁርና ቀይ የብረት ዱቄት ነው፣ ብልጭ የሚል የለም። ጋሼ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። አዛውንቱ ግን ሳህኑን አስቀምጠው «የለም ማለት አይደለም ወንድሜ፣ ይሄ በዓይን የሚታይ በውሃ የሚያዝ አይደለም ነው። እዛ ብታጥበው ወንዙ ነው የሚወስድልህ» አሉ። እኔ ሦስት ወር ያልኩትን እሳቸው በአንድ አፍ ጨረሱት።

ሻይ ተቀምጠን ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጎሳን ውስጥ ያለ ወርቅ አብዛኛው በማይክሮን የሚለካ ነው፣ አምራቾቹ ወንዙ ላይ የሚያገኙት በብዙ ሺህ ዓመት ተሰብስቦ ያደገውን ነው። ዝገቱን በማሽን ከገፈፉት ደግሞ ከሥሩ ያለው ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ይጋለጣል፣ ፓይራይት ውሃና አየር ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ነው የሚሆነው፣ አሲዱ መዳቡንና እርሳሱን እያሟሟ ወደታች ይወርዳል፣ ታች ያለው ምንጩ ነው። ዛሬ ጀምሮ ነገ የሚቆም ነገር አይደለም፣ እኛ ከሄድን በኋላም ይቀጥላል። ጋሼ ብርጭቋቸውን እያዞሩ ቆዩ። «ምንጩ ሰው ይቀዳበታል?» አሉ። መንደሩ በሙሉ አልኩ።

ቀጥሎ የቢሻን ታሪክ አነሳሁ፣ ኤርትራ ውስጥ ያለውን፣ እሱም የኛው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመሩት ከላይ ካለው ዝገት ወርቅ በማውጣት ነው፣ በ2013 የወርቁ ቆብ አልቆ ወደ መዳቡ ገቡ፣ በ2016 ደግሞ ወደ ዚንኩ። ክዳኑ ሁለት ዓመት፣ ድስቱ ከዛ ወዲህ ነው። ጋሼ መርካቶ ሰላሳ ዓመት ቆርቆሮ የሸጡ ሰው ናቸው፣ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጠው ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃሉ፣ ዚንክ ስል የሸሸው ፊታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ። «እና እኛ ጋ ድስቱ አለ?»

እዚህ ጋ ነው ከባዱ። አዎ ብላቸው ያምኑኝ ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ያለን ምልክት ነው፣ ጎሳኑ፣ ባራይቱ፣ ክሎራይቱ፣ ያ የስፋለራይት ቁራጭ። ጥሩ ጥሩ ምልክቶች ናቸው፣ ግን ስንት ቶን በስንት ፐርሰንት የሚባለው ነገር ድሪል ወርዶ ኮር (የድንጋይ ዘንግ) ወጥቶ ሳይለካ ከማንም አፍ መውጣት የለበትም፣ ከሥር ቀጭን ሆኖ ሊያልቅም ይችላል። መጀመሪያ የላቡን ውጤት፣ ቀጥሎ ዝርዝር ማፒንግ፣ ከዛ የኤሌክትሮማግኔቲክና የግራቪቲ (የመሬት ስበት ልኬት) ሰርቬይ፣ ከዛ ጥቂት ጉድጓድ። ጋሼ ሒሳቡን ከፍለው «እስቲ ልደርበት» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ

ቦሌ፣ የመሳፈሪያ ሰዓቴን እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ባዶዎቹን ማዳበሪያዎች አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፣ የላቡ ደረሰኝ ፓስፖርቴ ውስጥ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉ። ሎቤዱ ባምባሲ ደርሶ አድሯል፣ ሹፌሩ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠይቋቸው ተመለስ ብለውታል። ለኤስካቫተሩ የከፈሉት ቅድሚያ አይመለስላቸውም። ለሰርቬዩ እሺ አላሉኝም፣ የላቡን ውጤት አብረን እንይ ነው ያሉት፣ እኔ ለዛሬ ይበቃኛል። በመጨረሻ «ያቺ ነጭ ድንጋይ ምን ነበር ስሟ?» አሉኝ፣ ባራይት አልኳቸው፣ ሁለቴ ደገሙት።

ከዛ ጉብታው ላይ ላለው ጥበቃችን ደወልኩ። ማሽን እንደማይመጣ ነገርኩትና ምንጩ እንዴት ነው አልኩት፣ በጋ ስለሆነ ይቀንሳል ብዬ። አልቀነሰም አለኝ፣ ሴቶቹ አሁን እየቀዱ ነው፣ ድምፃቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።